ስድስት ዓመት የነዳኋት ዋገን

ያረጀ የአሜሪካ መኪና ለመግዛት ለምታስቡ ሰዎች የራሴን ልንገራችሁ። እ.ኤ.አ. በ1991 አሜሪካ፣ ሚኒሶታ ውስጥ አንዲት ረጅም ዋገን፣ ማለትም ከኋላ ሰፊ የዕቃ ቦታ ያላት የቤተሰብ መኪና፣ ገዛሁ። የ1976 ሞዴል ናት፤ ጎንና ጎኗ እንጨት በሚመስል ፕላስቲክ የተለበጠ። መንገድ ላይ ስንቴ እንዳቆመችኝ መቁጠር ትቻለሁ። እንደ እሷ የወደድኩት መኪና ግን እስከ ዛሬ የለኝም።

ሞተሯ ባለ 8 ሲሊንደር፣ 5.7 ሊትር ነው። ይህን ሁሉ ሞተር ይዛ ጉልበቷ 145 ፈረስ ብቻ ነበር። የዘመኑ የጭስ ሕግ ያመጣው ነው። ከ1975 ሞዴል ጀምሮ አብዛኞቹ የአሜሪካ መኪኖች ካታሊቲክ ኮንቨርተር የሚባል የጭስ ማጣሪያ ተገጥሞላቸዋል። ከሁለት ቶን በላይ ክብደቷን ተሸክማ ዳገት ስትወጣ ታቃስታለች። በአንድ ጋሎን 12 ማይል ከሄደች ጥሩ ቀን ነው።

ዋናው ጣጣዋ ሙቀት ነበር። በጁላይ፣ በዚያ አገር የሙቀት ወር፣ በ35 ቁጥር ሀይዌይ ወደ ዱሉዝ ከተማ ስንሄድ ለምሳ ቆም አልን። ስንመለስ ሞተሪኖው ይዞራል፣ እሷ ግን አትነሳም። ቤንዚኑ በሞተሩ ግለት ቱቦው ውስጥ እንዳለ ተንኗል። ፓምፑ ደግሞ የተሠራው ፈሳሽ ለመግፋት ነው፤ ተን ሲገባበት ዝም ብሎ ይሠራል እንጂ የሚልከው ነገር የለም። ኮፈኑን ከፈትኩ። ፎጣ በውሃ ነክሬ ፓምፑና ቱቦው ላይ ጠቀለልኩት። ጭስስ አለ። እንፋሎቱ ፊቴን መታኝ፤ የቤንዚንና የጋለ ጎማ ሽታ ሸተተኝ። ሃያ ደቂቃ ጠብቀን ቁልፉን ሳዞረው ተነሳች። ልጆቹ አጨበጨቡላት። ከዚያ ወዲህ ሁለት ፎጣና አንድ ጀሪካን ውሃ ከመኪናዋ ወርደው አያውቁም።

በበረዶው ክረምት ሌላ አመል አላት። ነዳጁን አንድ ጊዜ እስከ ታች ረግጠህ እግርህን ታነሳለህ፣ ከዚያ ቁልፉን። ደጋግመህ ከረገጥክ ካንዴላው በቤንዚን ይርሳል፣ በቃ፣ ጠዋትህ ተበላ።

ልጆቼ የወደዱላት የኋለኛውን መቀመጫ ነው። ፊቱ ወደ ኋላ ስለሆነ፣ የሚከተሉንን ሹፌሮች እጃቸውን እያውለበለቡ ሰላም ይላሉ። እኔ ደግሞ ግልጽነቷን ወደድኩላት። ኮፈኑ ሲከፈት ሁሉም ነገር ይታያል፣ እጅም ይገባል። ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለውን ካርቡራቶር መፍታትና መግጠም የተማርኩት በእሷ ነው። የመጀመሪያው ቀን አንዲት ትንሽ ስፕሪንግ ከእጄ አምልጣ ጋራዡን በባትሪ ብርሃን ስፈልግ አመሸሁ።

ልትገዙ ከሆነ ቀለሟን አትመኑ። ትንሽ ማግኔት ይዛችሁ ሂዱ። ከኋላ ጎማ በላይ ያለው ቆርቆሮ ላይ ማግኔቱ ካልያዘ፣ ከቀለሙ ሥር ያለው ቀዳዳ የተደፈነበት ስቱኮ ነው። ክረምት በረዶ ለማቅለጥ መንገድ ላይ የሚበተነው ጨው በልቷታል ማለት ነው። ከሥር ገብታችሁ ሻንሲውንም እዩ። ነዳጅ የሚያልፍባቸውን የጎማ ቱቦዎች ደግሞ ወዲያው ቀይሩ። የዛሬው ቤንዚን ኢታኖል አለበት፣ የድሮውን የጎማ ቱቦ ይበላዋል።

በ1997 ሸጥኳት። የገዛት ወጣት መሪው ላይ ሲቀመጥ በመስኮቱ ጎንበስ ብዬ «አንድ ጊዜ ብቻ ርገጥ፣ ከዚያ እግርህን አንሳ» አልኩት። በመጀመሪያው ተነሳች። ፎጣዎቹን ከኋላ ትቼለታለሁ።