ያገለገለ ሌክሰስ አርኤክስ 350 ለአዲስ አበባ ዳርቻ ነዋሪ፦ ምን ይበረታል፣ ምን ይበላሻል?

ለገጣፎ፣ ሱሉልታ፣ ቡራዩ፣ ሰበታ ወይም ገላን ቤት ሠርቶ የገባ ሰው መኪናውን መሀል ከተማ ካለው ሰው በተለየ መንገድ ይፈትነዋል። ጠዋት ኮብልስቶኑን ወይም ገረጋንቲውን ጨርሶ አስፋልት ይወጣል፤ ከዚያ በሰልፍ እየተጎተተ ከተማ ይገባል። ክረምት ሲመጣ ደግሞ ከሰፈሩ እስከ ዋናው መንገድ ያለችው ቦታ መረሬ ጭቃ ትሆናለች። ለዚህ ኑሮ ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ፕራዶን ነው። የፕራዶ ዋጋ ያልተመቸው ወይም ሰልፉ ላይ ዝምታና ምቾት የሚፈልግ ሰው ግን ዓይኑ ሌክሰስ አርኤክስ 350 ላይ ያርፋል። ጥሩ ምርጫ ነው። ሞተሩ ከያዙት ዕድሜ ይሰጣል። ገንዘብ የሚበላው እግሩ (ሾኩ፣ ቡሹና ሊንኩ) ነው፤ ሞተሩን የሚገድሉት ደግሞ አስቀድሞ ሊታዩ የሚችሉ ጥቂት ነገሮች ናቸው።

ገበያ ላይ የሚገኙት በአብዛኛው ሁለት ትውልዶች ናቸው፤ ከ2007 እስከ 2009 እ.ኤ.አ. የተሠራውና ከ2010 እስከ 2015 እ.ኤ.አ. ያለው። ሁለቱም 2ጂአር-ኤፍኢ የሚባለውን ባለ 6 ሲሊንደር 3.5 ሊትር ሞተር ይዘዋል። ታይሚንጉ በሰንሰለት ስለሚዞር በየጊዜው የሚቀየር የታይሚንግ ችንጋ የለውም። ከነሱ በፊት የነበረው አርኤክስ 330 ግን በችንጋ ይሠራል፤ ሻጩ መቼ እንደተቀየረ ማስረዳት ካልቻለ ወጪውን ከዋጋው ላይ ቀንሰው ይደራደሩ።

መንግሥት ጥር 2016 ዓ.ም. ላይ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ መከልከሉን ካሳወቀ ወዲህ ደላላ የሚያሳያችሁ መኪና ሁሉ እኛው መንገድ ላይ የቆየ ነው። ስለዚህ «ገና ከዱባይ የገባ ነው» የሚለውን ትተን መንገዳችን ምን እንዳደረገው እንፈትሽ። የመጣበት አገርም ቢሆን አሻራ አለው። ከባሕረ ሰላጤው የመጣው ዳሽቦርዱ በፀሐይ ተሰንጥቆ ወይም ላብ እንዳለው ተጣብቆ ይገኛል፤ ከሰሜን አሜሪካ በረዷማ ግዛቶች የመጣው ደግሞ ከሥር በጨው የተበላ ዝገት አለው። የሻንሲ ቁጥሩ በ2ቲ2 ከጀመረ ካናዳ፣ በጄቲጄ ከጀመረ ጃፓን የተሠራ ነው። ከቁጥሩ አሥረኛው ምልክት የሞዴሉን ዓመት ይነግራችኋል፤ 7 ማለት 2007፣ ኤ ማለት 2010፣ ሲ ማለት 2012 ነው። ሊብሬው ላይ ካለው ዓመት ጋር ካልገጠመ ጉዳዩን ሳታጣሩ ገንዘብ አትክፈሉ። ሙሉውን ቁጥር ኢንተርኔት ላይ መፈለግም አይከፋም፤ አሜሪካ ጨረታ ላይ ተገጭቶ ወይም ጎርፍ ገብቶበት የተሸጠ ከሆነ ብዙ ጊዜ ፎቶው ይገኛል። ቆጣሪው በማይል የሚያነብ ከሆነ 100,000 ማይል 160,000 ኪሎ ሜትር መሆኑን አስቡ።

መኪናውን ለማየት ጠዋት ሂዱ፤ ሻጩም ቀድሞ እንዳያስነሳው ንገሩት። ኮፈኑን በእጃችሁ ስትነኩት ቀዝቃዛ መሆን አለበት። ሲነሳ ለአንድ ወይም ለሁለት ሰከንድ ከሞተሩ የቀኝ ጎን የመንቀጫቀጭ ድምፅ ከሰማችሁ የቪቪቲ (የቫልቮቹን መክፈቻና መዝጊያ ጊዜ የሚያስተካክለው ክፍል) ጊሩ እያረጀ ነው። ያንኑ ቀን መኪናውን አያቆመውም፤ መጠገኑ ግን የታይሚንግ ክዳን ማስፈታት ስለሚጠይቅ ውድ ነው፣ ዋጋ ማስቀነሻ ይሁናችሁ።

በዚህ ሞተር ላይ ከሁሉ የሚያስፈራው ለዚያው ለቪቪቲው ዘይት የሚያደርሰው ቱቦ ነው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት፣ እስከ 2010 እ.ኤ.አ. አካባቢ በተሠሩት ላይ፣ የቱቦው መሀል ጎማ ነበር። ጎማው ሲያረጅ በትንሽ ቀዳዳ ይፈነዳል፤ ውስጡ ያለው ዘይት ግፊት ስላለው ደግሞ ሞተሩ በደቂቃዎች ውስጥ ይደርቃል። የዘይት መብራቱ ሲበራ እስከ ቀጣዩ ጋራዥ ልድረስ ያለ ሰው ሞተሩን ያስነክሰዋል፤ ያለ ዘይት ተጣብቆ ይቆማል። ፋብሪካው ቆይቶ ሙሉ ለሙሉ ብረት በሆነ ቱቦ ተክቶታል። ዳይናሞውንና የውሃ ፓምፑን የሚያዞረው የውጭ ችንጋ ባለበት ጎን በባትሪ መብራት አይታችሁ ጎማ ካለበት ከገዛችሁ በኋላ የመጀመሪያው ሥራችሁ እሱን መቀየር ይሁን። ተጎታች ለመሳብ ተብሎ የዘይት ማቀዝቀዣ በተገጠመላቸው አዲሶቹ ላይም ወደ ማቀዝቀዣው የሚሄዱት ጎማዎች በተመሳሳይ መንገድ ያፈሳሉ፤ ሁለቱም በአንድ ቀን ይታዩ።

ሁለተኛው የውሃ ፓምፕ ነው። ማፍሰስ ሲጀምር መሬት ላይ ጠብታ ላታዩ ትችላላችሁ፤ ፓምፑ ዙሪያ የደረቀ ሮዝ ቅርፊት ግን ይቀራል። ሥራው ቀላል አይደለም፤ የቀኝ በኩሉን የሞተር መቀመጫ ፈቶ ሞተሩን በክሪክ ደግፎ መያዝ ይጠይቃል። ስለዚህ ሲቀየር ችንጋውን፣ መወጠሪያውንና ቴርሞስታቱን አብሮ መጨረስ የእጅ ዋጋውን ያስቆጥባል።

ከዚሁ ጋር በተያያዘ እኛ አገር የሚናቅ ነገር አለ። አዲስ አበባና ዙሪያዋ በአብዛኛው ከባሕር ወለል 2,300 ሜትር አካባቢና ከዚያ በላይ ናቸው፤ ሱሉልታ ደግሞ ከዚያም ከፍ ይላል። በዚህ ከፍታ ውሃ ክዳን በሌለው ዕቃ ውስጥ 92 ዲግሪ አካባቢ ላይ ይፈላል። ራዲያተሩ የማይፈላው ክዳኑ ግፊት ይዞ ስለሚያቆየው ነው። የክዳኑ ጎማ ከለሰለሰ መኪናው ሰልፍ ላይ ይሞቃል፤ መካኒኩም «ቴስታታው ተቃጥሏል» ብሎ ሊፈታው ይነሳል። መጀመሪያ ክዳኑን ቀይሩ፤ ከሁሉ የሚረክሰው እሱ ነው። የቧንቧ ውሃ እየጨመሩ መንዳት ደግሞ የፓምፑን ዕድሜ ያሳጥራል፤ ሮዙን የቶዮታ ኩላንት በተጣራ ውሃ ቀላቅሎ መጠቀም ነው።

ከፍታው ጉልበትም ይወስዳል። ቱርቦ ስለሌለው ፋብሪካው ከሚለው 270 ያህል የፈረስ ጉልበት ሩብ የሚጠጋው እዚህ አይገኝም። ቢሆንም ወደ እንጦጦ ዳገት ሲወጣ አይንቀራፈፍም። ጥቅምም አለው፤ ከፍታ ላይ ሞተር ለኦክቴን ያለው ጥማት ስለሚቀንስ አሮጌው ሞዴል «ፕሪሚየም ቤንዚን» ቢልም እኛ ጋ በሚገኘው ቤንዚን ሳይንኳኳ ይሠራል። ፍጆታው ግን መታወቅ አለበት። ሁለቱን ጎማ ብቻ ሳይሆን አራቱንም የሚነዳው በሰልፍ ውስጥ በሊትር ከ6 እስከ 7 ኪሎ ሜትር ቢሄድ ደህና ነው፤ ከቱሉ ዲምቱ ወደ አዳማ በፍጥነት መንገዱ ሲለቀቅ ወደ 10 ይጠጋል። ከ72 ሊትር ታንክ ጋር ስታሰሉት የነዳጅ ወረፋው በሳምንት ስንት ጊዜ እንደሚጠብቃችሁ ይገባችኋል። ይህ የሚያስጨንቀው ሰው አርኤክስ 350 ባይገዛ ይሻላል።

አሁን ወደ እግሩ እንምጣ፤ ዳርቻ ላይ የሚኖር ሰው በብዛት የሚያወጣው እዚህ ነውና። መኪናው አካሉ የሚቀመጥበት ለብቻው የተሠራ የሻንሲ ብረት ያለው አይደለም፣ እንደ ፕራዶ ከባድ ማርሽም የለውም። ከመሬት ያለው ከፍታ 19 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ነው። ኮብልስቶን ላይ በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር እየሄዳችሁ መስኮቱን ከፍታችሁ አድምጡ። ቀጭን ኳ ኳ የስታብላይዘር ሊንክ ነው፤ ርካሽ ነው፣ ሁለቱንም ጎን ቀይሩት። ወፍራም ጉም የሚል ድምፅ የታችኛው ክንድ ቡሽ ወይም ቦል ጆይንት ነው። መሪው ስትጠመዝዙት ሲጢጥ ካለ የሾኩ የላይኛው መቀመጫ ነው። ብዙ ጋራዥ ሾኩን ብቻ ቀይሮ የድሮውን መቀመጫ ይመልሰዋል፤ ብዙ ሳይቆይ ያው ድምፅ ይመጣል። ሾክ ሁልጊዜ በጥንድ፣ ከነመቀመጫው ይቀየር፤ ከዚያ ዊል አላይመንት ይከተል።

በአሮጌው ትውልድ መሪው በዘይት ስለሚሠራ የመሪ ማርሹ ጫፍ ላይ ያሉትን የጎማ ሽፋኖች ጨመቅ አድርጉ፤ ውስጣቸው ዘይት ካለ ማርሹ እያፈሰሰ ነው። ከ2010 ወዲህ ያለው በኤሌክትሪክ ስለሆነ ይህ ችግር የለበትም። ከአሮጌዎቹ አንዳንዶቹ ደግሞ በሞላ ፈንታ የአየር ሾክ አላቸው። ከፍታ ማስተካከያ ቁልፍ ካያችሁ መኪናው ሌሊቱን ቆሞ አንዱ ጎኑ ዝቅ ማለት አለማለቱን አጣሩ። የአየሩን ዕቃ እዚህ ማግኘት አድካሚ ስለሆነ በተራ ሞላ የተቀየረ መኪና ቢገጥማችሁ አትደንግጡ፤ ትክክለኛው ሞላ እስከሆነ ድረስ ለዚህ መንገድ እንዲያውም ይሻላል።

ጭቃን በሚመለከት፣ አራቱን የሚነዳው ዓይነት መረሬ ላይ ካልቆመ ያልፋል፣ ከቆመ ይቸገራል። ከ2010 ወዲህ ባለው ላይ ኃይሉን ለፊትና ለኋላ እኩል የሚያስር የሎክ ቁልፍ አለ፤ ጭቃው ውስጥ ከመግባታችሁ በፊት ተጫኑት። በሰዓት ከ40 ኪሎ ሜትር በላይ ሲሄድ ራሱ ይለቃል። ከጭቃ ወጥታችሁ አስፋልት ላይ መሪው ቢንቀጠቀጥ ወደ ጎሚስታ ከመሮጣችሁ በፊት የቸርኬውን ውስጠኛ ክፍል እጠቡት፤ የደረቀ መረሬ ሚዛኑን ያዛባል። ከሥር ያለው የፕላስቲክ መከላከያ ሲቀደድ ነቅሎ መጣል ልማድ ሆኗል። እሱ ከሌለ ግን ጭቃው ችንጋው ላይ ይረጫል፤ ስለዚህ መልሳችሁ አስገጥሙት። አራቱም ጎማ በአንድ መጠንና በተቀራረበ ጥርስ መሆን አለበት፤ ሁለት አዲስ ሁለት ሙልጭ አድርጎ መንዳት ኃይል የሚያከፋፍለውን ክፍል ያቃጥላል። ጎማ ስትገዙ ጎኑ ላይ ያሉትን አራት አሃዞች አንብቡ፤ 2319 ማለት በ2019 እ.ኤ.አ. 23ኛው ሳምንት የተመረተ ነው።

ሰርቪስ ላይ የሚሳሳቱት በዘይት መጠን ነው። ሞተሩ ከነፊልትሮው 6.1 ሊትር ይይዛል፤ አንድ ባለ 4 ወይም ባለ 5 ሊትር ጋሎን ገልብጦ «ሞልቷል» የሚል ካለ ዱላውን አውጥታችሁ እዩ። ዓይነቱ በዘይት መሙያው ክዳን ላይ ተጽፏል። ፊልትሮው በፕላስቲክ ቤት ውስጥ የሚገባ ወረቀት ነው፤ ከነኦ-ሪንጉ ካልተቀየረ ያፈሳል፣ በጣም ካጠበቁት ቤቱ ይሰነጠቃል። በአቧራማ ሰፈር በየ5,000 ኪሎ ሜትር መቀየር ተገቢ ነው፤ የአየር ፊልትሮውም እንዲሁ ቶሎ ቶሎ ይታይ። የካምቢዮ ዘይት «የዕድሜ ልክ» ነው የሚለውን አትቀበሉ። በየ60,000 ኪሎ ሜትሩ ለሞዴሉ የታዘዘውን ዘይት (በአዲሱ ትውልድ ደብልዩኤስ የተባለውን) አፍስሶ መሙላት ማርሹን ለስላሳ አድርጎ ያቆየዋል። አዲሱ ትውልድ የካምቢዮ ዱላ የለውም፤ መጠኑ የሚስተካከለው ሞተሩ እየሠራ፣ ዘይቱ 40 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ በሥር ባለው ማፍሰሻ ነው። ይህን የማያውቅ ጋራዥ አይንካው። የትራንስፈር ኬዙና የኋላ ዲፈረንሻሉ ዘይት ከሁሉ ይረሳል፤ እያንዳንዳቸው አንድ ሊትር እንኳ አይወስዱም።

ካንዴላዎቹ ኢሪዲየም ስለሆኑ እስከ 190,000 ኪሎ ሜትር ይዘልቃሉ። የፊቶቹ ሦስቱ በቀላሉ ይፈታሉ፤ የኋላዎቹን ለማግኘት ግን የላይኛው ኢንቴክ መነሳት አለበት። «ስድስቱንም ቀይሬያለሁ» ያለ ሻጭ የኢንቴኩን አዲስ ጋስኬት ደረሰኝ ቢያሳይ እውነት ነው።

ወረቀቱ ላይ ሁለት ነገር ብቻ አጥብቃችሁ ያዙ። መኪናው ከቀረጥ ነፃ የገባ ከሆነ ቀረጡ መከፈሉን፣ እንዲሁም የባንክ ወይም የፍርድ ቤት እግድ አለመኖሩን ፋይሉ ካለበት መሥሪያ ቤት ሳታረጋግጡ ቀብድ አትስጡ።

ዕቃ ለማግኘት ይህ መኪና ከጀርመኖቹ ይልቅ ይቀላል፤ ሞተሩ በካምሪና በሃይላንደር ባለ 6 ሲሊንደሮችም ላይ ስላለ ብዙው ዕቃ የቶዮታ ቁጥር ይዞ ይመጣል። ከሱማሌ ተራ ያገለገለ መብራት፣ መስታወት፣ በር ወይም ቸርኬ መግዛት ያዋጣል። የፊት መብራቱን ከመቀየራችሁ በፊት ግን ዳሽቦርዱ ላይ ኤኤፍኤስ የሚለው (መሪውን ተከትሎ የሚዞረው የፊት መብራት ምልክት) ብልጭ ድርግም የሚል ከሆነ የኋላ እግሩ ላይ ያለችውን የከፍታ ሴንሰር እዩ፤ ክንዷ በዝገት ተሰብራ መብራቱ በከንቱ ይወነጀላል። የውሃ ፓምፕ፣ የዘይት ቱቦ፣ ቡሽና ማንኛውም ጎማ የሆነ ነገር ግን ያገለገለ አይገዛም፤ ከተፈታ መኪና ላይ የወጣው ጎማ ከእናንተው እኩል አርጅቷል።