ደብተር የማይከፈትበት የሆጤው የልጆች ማቆያ፣ ደጉም ክፉም

ፍርዴን ከመጀመሪያው ልንገራችሁ፤ ጥሩ ነው። ልጃችሁ ከሁለት እስከ አምስት ዓመት ከሆነውና ደሴ ውስጥ ማዋያ ካጣችሁለት፣ ዞሬ ካየኋቸው ሁሉ የምመርጠው ይሄንን ነው። እንከን የለውም ማለቴ ግን አይደለም። እንከኑንም እናገራለሁ፣ አንዱ እንዲያውም ቀላል አይደለም።

ስም አልጠቅስም። ባለቤቷ ራሷ “ስሜን እንዳትጽፊ፣ ቦታ ሞልቶብኝ ሰው መመለስ ሰልችቶኛል” ብላኛለች። ሆጤ አካባቢ ነው፣ መኖሪያ ቤቷ ውስጥ። ልጆቹ እቴቴ ነው የሚሏት፣ እኔም እንደነሱ ልበላት። ዱሮ መምህር ነበረች። ከስምንት ልጅ በላይ አትቀበልም፣ አንዲት አጋዥም አለቻት። ግቢው ሰፊ አይደለም፤ ግን ግቢ አለው፣ ተዳፋት ላይ በተሠራ ከተማ ደግሞ ልጅ ሳይንከባለል የሚሮጥበት ደልዳላ መሬት ማግኘት ራሱ ዕድል ነው።

ለምን ማቆያ ፈለግሽ ለሚለኝ፣ ሥራዬ ኮምቦልቻ ነው። ጠዋት የሀረጎን ቁልቁለት ወርጄ ማታ ያንኑ ዳገት እወጣለሁ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ፣ 1156/2011 ማለቴ ነው፣ ለወላድ 120 ቀን ይሰጣል፤ 30ው ከወሊድ በፊት፣ 90ው ከወሊድ በኋላ። ከዚያ ወዲያ ልጁን ማን ይያዘው የሚለውን ለአያቶች ትቶታል። የኛ ቤት አያት ደግሞ፣ አማቴን ማለቴ ነው፣ ዕድሜ ይስጣቸውና ጉልበታቸው ደክሟል፤ ልጁ በበኩሉ እግር አውጥቶ አጥር ላይ መውጣት ጀምሯል። ሞግዚት ቀጠርን፣ ሄደች። ሌላ ቀጠርን፣ ለምዳን ለምደናት ዓረብ አገር ሄደች። ወሎ ውስጥ ልጅ ያሳደገ ሰው ይሄን ታሪክ ያውቀዋል።

ማቆያ ፍለጋ ስዞር ያየሁት ነገር ግን አልጣመኝም። አንዱ ቤት የሦስት ዓመት ልጆች አግዳሚ ወንበር ላይ ተደርድረው ሙሉ ገጽ “ሀ” ይገለብጣሉ። እርሳሱን በጭብጣቸው ነው የያዙት። አንዷ ዓይኗ እንባ አቅርሯል። አስተማሪዋ ደብተሩን ገለጥ ገለጥ አድርጋ በኩራት አሳየችኝ፤ “ሲመጡ ምንም አያውቁም ነበር፣ አሁን እስከ መቶ ይቆጥራሉ።” ወላጅም የሚወደው ይሄንን ነው፣ አልፈርድበትም፤ የከፈለበትን ነገር በወረቀት ማየት ይፈልጋል። ግን እኮ ኬጂ የሚባለውን ነገር በ19ኛው ክፍለ ዘመን የጀመረው ጀርመናዊው ፍሮበል ለልጆች ያዘጋጀላቸው የክር ኳስና የእንጨት ኩብ ነበር። የሦስት ዓመት ልጅ ደብተር እንዲሞላ ማን እንደወሰነ እንጃ።

እቴቴ ቤት ደብተር የለም። ባለቤቴ ይሄን ሲሰማ “ለመጫወትማ እቤቱስ ይጫወት የለ? ለዚህ ነው የምንከፍለው?” አለ። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱ ጨዋታው እንዴት እንደሚዘጋጅ ቁጭ ብሎ ሲያዩት ነው የሚገባው፤ እኔም ፈቃድ ባገኘሁበት ቀን ጥግ ይዤ አየሁት።

ግቢው ጥግ ላይ ሳፋ ሙሉ ውሃ አለ። አጠገቡ ጆግ፣ ጣሳ፣ ሁለት ዓይነት ኩባያ፣ አንገታቸው የተቆረጠ ሃይላንዶች። በቃ ይኸው ነው። ልጄ አንድ ኩባያ ውሃ በቀጭኑ ሃይላንድ ገለበጠና “በዛ!” ብሎ ጮኸ። ጓደኛው በሰፊው ጣሳ ያንኑ ኩባያ ገለበጠና “የኔ ትንሽ ናት” ብሎ አኮረፈ። እኔ ብሆን “ኧረ እኩል ነው” ብዬ እገላግላቸው ነበር። እቴቴ ዝም አለች። ቆይታ “እስቲ ወደየኩባያችሁ መልሱት” አለች። መለሱት። እኩል። ተያዩ። እንደገና ገለበጡ፣ እንደገና መለሱ፣ እጅጌያቸው እስከ ክርን ረጠበ፣ እና እኩልነቱን አሁንም አላመኑም። የስዊዘርላንዱ ፒያዤ ልጆችን በዚሁ በውሃና በብርጭቆ ፈትኖ ነው እስከ ሰባት ዓመት ገደማ ድረስ ረጅም ዕቃ ውስጥ ያለው ውሃ የበዛ እንደሚመስላቸው ያሳየው። ስለዚህ ማስረዳቱ ብዙም አይረዳም፤ ደጋግመው መገልበጥ አለባቸው። እቴቴ ፒያዤን ጠቅሳ አታውቅም። “ተያቸው፣ ይደርሱበታል” ነው ያለችኝ።

ሰኞ ሰኞ ደግሞ ጨዋታው ገበያ ነው። ደሴ ላይ ሰኞ የገበያ ቀን መሆኑን ሕፃኑም ያውቃል፣ መንገዱ ይናገራላ። ድንጋዩ ድንች ይሆናል፣ ቅጠሉ ጎመን፣ ቆርኪው ብር። የሰማሁትን እንዳለ ልጻፍላችሁ።

“ድንች ስንት ነው?”

“አምስት።”

“ኧረ ቀንሺ!”

“ወላሂ አያዋጣኝም።”

ወላሂ ያለችው ልጅ ስሟ ማርያም የሚል አለበት፤ ወሎ ነው እንግዲህ። ገዢው አራት ቆርኪ ቆጥሮ ድንቹን ይዞ ሊሄድ ሲል ነጋዴዋ ክንዱን ያዘችው። “አንድ ይቀርሃል!” እቴቴ እዚህ ጋ ገባች፣ ግን ለመዳኘት አይደለም። “ስንት ሰጠሽ? ስንት ነበር ያልሽው?” ብላ ጠየቀች። ልጅቱ በጣቷ ቆጠረች። ወረቀት ላይ ቢሆን የመቀነስ ሒሳብ ነው፣ ለዚያውም ልጅቱ አራት ዓመት አልሞላትም። እዚህ ግን የድንች ጉዳይ ስለሆነ በነጻ መልቀቅ የለም።

እቃ እቃም አለ፣ ኩኩሉም አለ፣ ሰኞ ማክሰኞም ለትልልቆቹ ተሰምሯል። ወንዶቹም ቡና ያፈላሉ። አቦል፣ ቶና፣ በረካ ብለው በተራ ይቀዳሉ፤ ቶናን ዘሎ በረካ ያለ ልጅ በሌሎቹ ይታረማል። መክሰስ ከበሉ በኋላ ተረት አለ። “ተረት ተረት” ስትል “የላም በረት” የሚለው ጩኸት ጎረቤት ድረስ ይሰማል።

የሊጡን ነገር ሳልነግራችሁ አልለፍ። በመጀመሪያ እቴቴ ከየት እንዳየችው እንጃ፣ ዱቄት አቡክታ በእርድና በቀይ ሥር ቀለም አግብታ ለልጆቹ ሰጠቻቸው። ልጆቹ ወደዱት። ልጄ እቤት መጥቶ ቡሃቃው ውስጥ እጁን ሊነክር ሲል አማቴ ከተቀመጡበት ብድግ አሉ። “በእህል ይጫወታል እንዴ? ጸጋ እኮ ነው!” እኔ መሀል ላይ ቀረሁ። በማግስቱ ለእቴቴ ስነግራት አልተከራከረችም። “እውነታቸውን ነው፣ እኔም ሆዴን ሲከፋው ነበር” አለች። ከዚያ ወዲህ ሊጥ ቀርቶ ሸክላ አፈር መጣ። ልጆቹ ጀበና ይሠራሉ፣ ምጣድ ይሠራሉ፣ አንዱ ሁልጊዜ የሚሠራው እባብ ብቻ ነው። ውጭ አገር የወጣ ሐሳብ ሁሉ እንዳለ ተገልብጦ አይሠራም፣ እሷ ይሄ ገብቷታል። ደግሞም ለጣት ጭቃ ከሊጥ አይተናነስም። ጭቃ የሚያቦካ፣ የልብስ መቆንጠጫ ገመድ ላይ የሚሰካ፣ ትልልቅ ዶቃ በክር የሚያስገባ እጅ ነው በኋላ እርሳስ የሚይዘው።

ፊደልስ? አለ፣ በሩን አንኳኩቶ አይመጣም እንጂ። ትሪ ላይ አሸዋ ተነጥፎ ልጁ የስሙን መጀመሪያ በጣቱ ይጽፋል፣ ያጠፋዋል፣ ይጽፋል። ፊደላችን 33 በሰባት፣ 231 ነው፤ ሁሉንም በአንድ ዓመት ልጋተው ብሎ ልጅን ከማስጠላት የራሱን አንዷን ወዶ ቢጀምር ይሻላል ባይ ነኝ። ልጄ አሁን “የ”ን ባየ ቁጥር፣ ወላ ታክሲ ላይ፣ ወላ ሱቅ ላይ፣ “የኔ!” ይላል። ሌላውን አያውቅም። እኔ አልቸኩልም። ልጃቸው በሚቀጥለው ዓመት የመግቢያ ፈተና ያለው የግል ትምህርት ቤት እንዲገባ የሚፈልጉ ወላጆች ግን ይሄ ያስጨንቃቸዋል፣ ሁለት ቤተሰብ በዚሁ ምክንያት ልጃቸውን አውጥተዋል። ለነሱ የሚሆን ቤት አይደለም፣ እውነቱ ይሄ ነው።

ምግብ ላይ እቴቴ ያደረገችውን ሌላ ከተማ የሚኖር ሰው ላይረዳው ይችላል። ቤቱ ውስጥ ሥጋ አይገባም። የክርስቲያኑ ልጅም የሙስሊሙ ልጅም ከአንድ ትሪ ነው የሚበሉት፣ ስለዚህ ሽሮ፣ ምስር፣ ድንች፣ ካሮት፣ እንቁላል። ሥጋ ማብላት የፈለገ እቤቱ ማታ ያብላ። ማን አረደው፣ የማን ምሳ ዕቃ ነው የሚባል ነገር የለም። ሲበሉ ይጎራረሳሉ፤ አፍንጫም የሚያጎርሱ አሉ።

አሁን ወደ ክፉው።

ትልቁ ነገር ሽንብራ ነው። ትልልቆቹ ሽንብራና ባቄላ እየለዩ በጣሳ ያስቀምጣሉ፣ ጥሩ ጨዋታ ነው፣ መለየትም መቁጠርም አለበት። ችግሩ እዚያው ምንጣፍ ላይ የምትድህ ሕፃን አለች። አንድ ቀን ልጄን ላደርስ ስገባ አንዷን ፍሬ ይዛ ወደ አፏ ስትወስድ በዓይኔ አይቻለሁ፣ ሮጬ ነው የቀማኋት። ከሦስት ዓመት በታች ላለ ልጅ ይሄ ቀልድ አይደለም፤ ፍሬው ትንታ ያመጣል፣ አፍንጫ ውስጥ ከገባ ደግሞ ረጥቦ ያብጣል። ቆርኪውም ያው ነው። እቴቴን አጥብቄ ተናገርኳት። “አብሽሪ፣ ይስተካከላል” አለች፣ እውነትም አሁን የጥሬው ጨዋታ ከፍ ያለ ጠረጴዛ ላይ፣ ሕፃኗ ስትተኛ ብቻ ነው። ግን ሰው እስኪናገር መጠበቅ አልነበረባትም። ስትሄዱ መጀመሪያ የምታዩት መሬቱን ይሁን።

ሁለተኛው ቴሌቪዥን ነው። ከአስር ሰዓት በኋላ አጋዧ ዕቃ ስታጥብ ቴሌቪዥኑ ይከፈትና ልጆቹ ፊቱ ይደረደራሉ። በደህናው ቀን ግማሽ ሰዓት ነው። በክረምት፣ የጦሳ ተራራ ጉሙን ለብሶ ዝናቡ ሲወርድ፣ ግቢው ይዘጋል፣ ልጁ ሁሉ አንድ ክፍል ውስጥ ይታጨቃል፣ ያኔ ቴሌቪዥኑ ይረዝማል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ከሁለት እስከ አራት ዓመት ላለ ልጅ ስክሪን በቀን ከ1 ሰዓት አይብለጥ፣ ከሁለት ዓመት በታች ላለው ደግሞ ባይኖር ይሻላል ይላል። እንቅስቃሴ ግን ቢያንስ 180 ደቂቃ። በጋ ላይ እቴቴ ቤት 180ውን ያልፉታል፣ እንዲያውም ማታ ጫማው ሳይወልቅ ነው ልጄ የሚተኛው። ክረምት ላይ ግን እጠራጠራለሁ። በረንዳውን በላስቲክ እሸፍናለሁ ካለች ቆየች። አልሸፈነችም።

ሦስተኛው ሰዓት ነው። አስራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ልጅህን ውሰድ። እንደኔ ከኮምቦልቻ ለሚመጣ፣ ሀረጎ ላይ ጉም ወርዶ መኪናው ሁሉ በመብራት ሲያዘግም፣ ይሄ ያስጨንቃል። እቴቴ አትቆጣም፣ ግን ልጁን ጫማ አልብሳ በር ላይ ታቆመዋለች፤ ከቁጣ የከፋው እሱ ነው። ትርፍ ሰዓት ልክፈል ብላት እንቢ አለች። እሷም የራሷ ቤት አላት፣ ይገባኛል፣ ግን ካሁኑ እወቁት።

ፎቶም አለ። ቴሌግራም ላይ የወላጆች ግሩፕ ከፍታ በየቀኑ ፎቶ ትለቃለች። ለኔ ለእናትዮዋ ደስ ይላል፣ ሥራ ላይ ሆኜ ደጋግሜ ነው የማየው። ግን የሰው ሁሉ ልጅ ገላው ሲታጠብ ጭምር እዚያ ይለቀቃል። አንድ አባት ተናግሮ የገላው ፎቶ ቀረ።

ዋጋው ከተራ ኬጂ ክፍያ ከፍ ይላል፣ ለሞግዚት ደመወዝና ቀለብ ከምናወጣው ግን ያንሳል። ምሳና መክሰስ ውስጡ አለ፣ ዳይፐርና ወተት ከቤት ነው። ልጅ ታሞ ለቀረበት ቀን ተመላሽ የለም። ከሁለት ዓመት በታች የሆነ ልጅ ካላችሁ፣ ለጊዜው ባትወስዱት እላለሁ፤ ቤቱ የተሠራው ለሚሮጡት ነው፣ የሚድሁት መሀል ላይ ይረገጣሉ።

ባለቤቴ አሁን ስለ ክፍያው አያነሳም። ባለፈው እሑድ ሳየው ከልጁ ጋር መሬት ተቀምጦ ድንጋይ ይገዛ ነበር፣ በውድ።

ቦታ የሚለቀቀው አብዛኛውን ጊዜ መስከረም ላይ፣ ትልልቆቹ ትምህርት ቤት ሲገቡ ነው፣ ስለዚህ ከነሐሴ በፊት ሄዳችሁ አናግሯት። ሆጤ ላይ “ልጆች የሚውሉባት መምህሯ ቤት” ካላችሁ ያሳዩአችኋል። ሁለት ቅያሪ ልብስ አስገቡ፣ አንዱ አይበቃም። ሹራቡ ላይ ስም ጻፉበት። ነጭ ካልሲ አታልብሱ።