ንጹሑ ጣውላ ወይስ ጉጥ ያለው? የእንጨት ደረጃና የቀለም ልዩነት

ሁለቱም ጣውላዎች ኦክ ከሚባለው ዛፍ የወጡ ናቸው። አንዱ ጥርት ያለ ነው፣ ሌላው ጉጥ በጉጥ። ብዙ ገዢ ጥርት ያለውን፣ ውዱን፣ ሲያይ «ይሄ ይበልጥ ጠንካራ ነው» ይላል። ለቤት ዕቃና ለወለል በሚሸጥ እንጨት ግን ደረጃው በዋናነት የሚናገረው ስለ መልክ ነው። ለጥንካሬ የሚሰጠው ደረጃ ሌላ ነው። አውሮፓ ውስጥ ሲ16 እና ሲ24 የሚባሉት ለጣሪያና ለወለል ተሸካሚ እንጨት የወጡ ናቸው።

በአሜሪካው አመዳደብ ከፍተኛው ደረጃ ኤፍኤኤስ ነው። ከጣውላው ገጽ ቢያንስ 83 በመቶ ያህሉ እንከን የለሽ ቁራጭ ሆኖ መውጣት አለበት። ዝቅ ባለው ደረጃ፣ በቁጥር 1 ኮመን፣ ወደ 67 በመቶ ይወርዳል፣ በቁጥር 2 ኮመን ደግሞ ወደ 50። ከመቶኛው ይልቅ ግን የቁራጩን ርዝመት እዩ። ኤፍኤኤስ ረጃጅም ንጹሕ ቁራጭ ይሰጣል፤ ለትልቅ ጠረጴዛ ገንዘቡ ይገባዋል። ለመሳቢያና ለቁም ሳጥን በር ከሆነ ግን አናጺው መቆራረጡ አይቀርም። እዚያ ላይ ቁጥር 1 ኮመን ይበቃል፤ ከዚያ በላይ መክፈል ብር ማባከን ነው ባይ ነኝ። ጉጥ የበዛበት ደግሞ ለወለል ያምራል፣ የተቦጫጨረውንም ይደብቃል። የተሰነጠቀና የሚወልቅ ጉጥ ካለው ግን ይቅርባችሁ።

ገዢን ግራ የሚያጋባው ቀለም ነው። ከላይ ያለው ስሌት ቀለምን እምብዛም አይቆጥርም። ስለዚህ ዋልነት የሚባለውን ጠቆር ያለ እንጨት በኤፍኤኤስ ደረጃ ገዝታችሁ ጠርዙ ላይ ነጣ ያለ መስመር ብታገኙ አልተታለላችሁም። የግንዱ መሃል ጠቆር ይላል፣ ከቅርፊቱ ሥር ያለው ይነጣል፤ ዛፉ አንድ ነው። አንድ ወጥ ቀለም ከፈለጋችሁ ለብቻው ጠይቁ። በእንፋሎት የታከመ ዋልነትም አለ፤ ነጩ ክፍል ይጠቁርለታል፣ ግን የመሃሉ ውበት ትንሽ ይደበዝዛል። እኔ ያልታከመውን እመርጣለሁ።

ቀለሙ ደግሞ ባለበት አይቆይም። ቼሪ የሚባለው እንጨት ብርሃን ሲያገኘው እየጠቆረ ይሄዳል፣ ዋልነት በተቃራኒው እየፈዘዘ። አዲስ ወለል ላይ ቶሎ ምንጣፍ ካነጠፋችሁ ቅርጹ ታትሞ ይቀራል።

መዳፍ በምታክል ናሙና አትወስኑ። ብዙ ጣውላ አስዘርግታችሁ እዩ። እርጥብ ጨርቅ አሳልፉበት፤ ቫርኒሽ ሲቀባ ምን እንደሚመስል ቶሎ ይገባችኋል። ወለል የሚያነጥፈውም ሰው አንዱን የጣውላ ካርቶን ጨርሶ ሌላውን እንዳይከፍት ንገሩት። ከብዙ ካርቶን እየቀላቀለ ያንጥፍ።