ላብ ነው ሽታ? ሮል ኦን ከመግዛታችሁ በፊት

ባለፈው ሳምንት አንዲት ጓደኛዬ ከቦርሳዋ ሦስት ሮል ኦን አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ደረደረችልኝ። «ሁሉንም ሞክሬያለሁ፤ አንዱም አልሠራልኝም» አለች። አንድ በአንድ እያገላበጥኩ ጀርባቸውን አነበብኩ። ሦስቱም ዲኦዶራንት ናቸው። የእሷ ችግር ግን ሽታ አይደለም፣ ላብ ነው። ከታክሲ ወርዳ ቢሮ እስክትገባ የሸሚዟ ብብት ረጥቦ ያሳቅቃታል። ሦስት ጊዜ ብሯን ያወጣችው ለእሷ ችግር ባልተሠራ ዕቃ ላይ ነው።

መዋቢያ በሚቀመምበት ቤት ጥቂት ዓመታት ሠርቻለሁ። እዚያ አዲስ ምርት ሲታሰብ መጀመሪያ የሚነሳው የመዓዛው ነገር አይደለም። ላቡን እንቀንስ ወይስ ሽታውን እንከላከል? ቀመሩ በሙሉ የሚቆመው በዚህ ጥያቄ መልስ ላይ ነው። ገዢም ከዚሁ ቢጀምር ይሻለዋል።

ላብ ራሱ ሽታ የለውም ማለት ይቻላል። የሚሸተው ብብት ላይ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ሲያብላሉት ነው። ዲኦዶራንት የሚሠራው ባክቴሪያዎቹ ላይ ነው። አንዳንዱ በአልኮል ይገድላቸዋል፤ አንዳንዱ እንዳይራቡ ያደርጋል፤ ሽቶ ደግሞ የቀረውን ይሸፍናል። ላቡ ግን እንደወትሮው ይወርዳል።

ፀረ ላብ የሚባለው ሌላ ነው። በውስጡ የአሉሚኒየም ጨው አለ። ጨው ሲባል የወጥ ጨው እንዳይመስላችሁ። ላብ በሚወጣበት ቀጭን ቱቦ አፍ ላይ ከላቡ ጋር ሲገናኝ ዝልግልግ ነገር ይሆንና ለጊዜው ይደፍነዋል። መድፈኛው ቆዳው ሲታደስ አብሮ ይወጣል። በአሜሪካ ይህ ዓይነቱ ምርት እንደ መድኃኒት ይቆጠራል። ፀረ ላብ ለመባል ላብን ቢያንስ በ20 በመቶ መቀነስ አለበት። በብዛት የሚገባበት አሉሚኒየም ክሎሮሃይድሬትም ከ25 በመቶ እንዳያልፍ ጣሪያ ተቀምጦለታል። ስለዚህ ማሸጊያው ላይ «48 ሰዓት» የሚል ስታዩ ሁለት ቀን ጠብታ ላብ አይወጣም ማለት አይደለም።

ሱቅ ውስጥ እንዴት ትለያላችሁ? የፊቱን ጽሑፍ ተዉት። ኒቪያም ዶቭም ሁለቱንም ዓይነት ይሸጣሉ፤ ጠርሙሶቹም ይመሳሰላሉ። ገልብጡና የንጥረ ነገሮቹን ዝርዝር እዩ። አሉሚኒየም የሚል ቃል ካለ አብዛኛውን ጊዜ ፀረ ላብ ነው። ከሌለ ዲኦዶራንት ነው። ሬክሶና የለመደ ሰው አሜሪካ ሄዶ ቢያጣው አይደናገጥ፤ እዚያ ስሙ ዲግሪ ነው፣ እንግሊዝ ደግሞ ሹር።

አብዛኛውን ጊዜ ያልኩት እንደ ዲኦዶራንት ብብት ላይ ስለሚታሸው ድንጋይ ነው። በአረብ አገር የሠሩ «ሸብ» ሲሉት ሰምተው ይሆናል፤ ብርጭቆ የመሰለ፣ በውኃ እያረጠቡ የሚያሹት። «ከአሉሚኒየም ነፃ» ተብሎ ሲሸጥ ሳይ እናደዳለሁ። የኬሚካል ስሙ ራሱ ፖታሲየም አሉሚኒየም ሰልፌት ነው። ሽታ ላይ ይሠራል፣ አንዱ ድንጋይ ብዙ ወር ይቆያል፣ ቆዳም ብዙ አያስቸግርም። ላብ ለመቀነስ ግን ደካማ ነው። ለሽታ ግዙት፤ አሉሚኒየም ለመሸሽ ከሆነ አትግዙት።

ሮል ኦን፣ ስቲክ ወይስ ስፕሬይ? ለላብ እኔ ሮል ኦን እመርጣለሁ። ጨው ውኃው ውስጥ ሟሙቶ ስለሚገኝ ቆዳው ላይ በደንብ ይዳረሳል። (ኳሷ ከእስክሪቢቶ ጫፍ የተወሰደች ሐሳብ ናት።) ችግሩ ቶሎ አለመድረቁ ነው፤ ሳይደርቅ ልብስ ከደረባችሁ ግማሹ ሸሚዙ ላይ ይቀራል። ስቲክ ደረቅ ነው፣ ቦርሳ ውስጥ አይፈስም፤ ግን ጥቁር ልብስ ላይ ነጭ መስመር ይተዋል፣ እንደ ድሬዳዋ ባለ ሙቀትም ይለሰልሳል። ስፕሬይ ቆዳ ስለማይነካ ቤተሰብ ሊጋራው ይችላል፣ ወዲያው ይደርቃል። ነገር ግን ከቆርቆሮው ውስጥ ብዙው ጋዝ ነው፤ ቶሎ ያልቃል። አስም ያለበት ሰው ቢተወው ይሻላል። ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥም አትተዉት።

ቤት ውስጥ የሚደረገውስ? ሎሚ አሲድ ስለሆነ ባክቴሪያን ያዳክማል። ነገር ግን የተላጨ ብብት ላይ ያቃጥላል፤ የነካው ቆዳ ፀሐይ ካገኘው ደግሞ ሊቆስልና ሊጠቁር ይችላል። ቤኪንግ ሶዳ ከኮኮናት ዘይት ጋር ቀላቅለው የሚቀቡም አሉ። ሽታውን ያጠፋል፤ ቆዳችን ግን በተፈጥሮው ትንሽ አሲድነት አለው፣ ሶዳው ተቃራኒው ነው። ከሳምንት ሁለት ሳምንት በኋላ ብብታቸው ቀልቶ የሚያሳክካቸው ብዙ ናቸው። ያለ አሉሚኒየም ከፈለጋችሁ በማግኒዚየም ሃይድሮክሳይድ የተሠራ ፈልጉ፤ እሱ ይለዝባል።

አሁን ከምርጫው እኩል የሚያስፈልገውን ልንገራችሁ። ፀረ ላብ የሚቀባው ማታ ነው። ጠዋት ሻወር ወስዶ፣ ብብቱ ሳይደርቅ ቀብቶ፣ ለታክሲ የሚሮጥ ሰው ጨውን በላቡ ያጥበዋል። ማታ ላብ ይቀንሳል፣ ጨው ቱቦው አፍ ላይ ለመቀመጥ ጊዜ ያገኛል። ጠዋት ብትታጠቡም መድፈኛው አይለቅም። ፎጣ አድርጋችሁ፣ በደንብ አድርቃችሁ፣ ስስ አድርጋችሁ ቀቡ። በተላጫችሁበት ማታ ግን ዝለሉት። ውጤቱ በአንድ ቀን ስለማይመጣ ጥቂት ቀናት ታገሱት።

ካንሰር ያመጣል ስለሚባለው፦ የአሜሪካው ብሔራዊ የካንሰር ተቋም ፀረ ላብንና የጡት ካንሰርን የሚያገናኝ በቂ ማስረጃ እንደሌለ ይገልጻል። የኩላሊት ሕመም ያለበት ሰው ግን መጀመሪያ ሐኪሙን ይጠይቅ። የጡት ራጅ በምትነሡበት ቀንም ምንም አትቀቡ፤ አሉሚኒየሙ ፊልሙ ላይ ነጠብጣብ ሆኖ ሊያሳስት ይችላል። ላቡ ከብብት አልፎ ከመዳፍ የሚንጠባጠብ ከሆነ ደግሞ ከሱቅ ዕቃ በላይ ነው፤ የቆዳ ሐኪም ጋ ሂዱ።

ለጓደኛዬ አንድ ፀረ ላብ ሮል ኦን መረጥንላት፣ ማታ ማታ እየቀባች ነው። ቀጥላ የጠየቀችኝ ስለ ሐበሻ ቀሚሷ ነው፤ ባለፈው በዓል ብብቱ ላይ ቢጫ ሆኖባታል። ያ ቢጫ አሉሚኒየሙ ከላብ ጋር ተቀላቅሎ ጥጡ ላይ የሚተወው ነው፣ ለማስለቀቅም ያታክታል። የበዓል ዋዜማ ማታ ቀቢ፣ ጠዋት ብብትሽን ታጠቢ፣ ቀሚሱን ስትለብሺ ከአሉሚኒየም ነፃ የሆነ ዲኦዶራንት ብቻ ንኪ፣ እሱም ይድረቅ አልኳት።