ወንድ ጫጩቶቹ ምን ይሁኑ? ቦቫንስ፣ ሳሶ፣ ኮኮክና የሐበሻ ዶሮ ሲነጻጸሩ

ከሚፈለፈሉ ጫጩቶች ግማሽ ያህሉ ወንድ ነው። ለእንቁላል ብሎ በግቢው ለሚያረባ ሰው እነዚህ ወንዶች እንቁላል ሳይጥሉ ከሴቶቹ እኩል፣ ብዙ ጊዜም አብልጠው ይበላሉ። አሳድጎ መሸጥ፣ ቶሎ ማረድ ወይስ በመጀመሪያው ቀን ማስወገድ? መልሱ በዝርያቸውና በሚደርሱበት ወር ላይ ይመሠረታል። ሁለቱም የሚታወቁት ደግሞ ጫጩቱ ከመገዛቱ በፊት ነው።

ለእንቁላል የተዳቀለው ቦቫንስ ብራውን ለመለየት ቀላል ነው። በተፈለፈለ ዕለት ሴቷ ቡናማ፣ ወንዱ ወደ ነጭ የሚያደላ ቢጫ ስለሆነ ከማስፈልፈያው ሴት ብቻ መርጦ መግዛት ይቻላል። እንቁላል ብቻ ለሚፈልግ ከዚህ የተሻለ መንገድ የለም፤ ትንሽ ጨምሮ ከ45 እስከ 60 ቀን የሆናት፣ የተከተበች ቄብ መግዛትም ያው ነው። በካርቶን ይዞ እያዞረ «የቦቫንስ እንቁላል ጣይ» በሚል በርካሽ የሚሸጥ ካለ ግን ካርቶኑን ከፍተው ይዩ፤ ሁሉም ቢጫ ከሆኑ እንቁላል አይጠብቁ።

ወንዱን ቦቫንስ ማሳደግ ብዙም አያዋጣም። በ16 ሳምንት 6 ኪሎ ገደማ መኖ በልቶ ከነሕይወቱ ከ1.5 እስከ 1.8 ኪሎ ቢመዝን ነው፤ ደረቱም ቀጭን ነው። ለሥጋም ለእንቁላልም የሚረባው ሳሶ ግን ወንዱ ያንኑ 6 ኪሎ መኖ በልቶ በ12 ሳምንት 2 ኪሎ ያልፋል። ስለዚህ የመኖውን የኪሎ ዋጋ በ6 አባዝተው የጫጩቱንና የክትባቱን ዋጋ ይደምሩበት፤ በሰፈርዎ ገበያ የዚያ ክብደት አውራ ዶሮ ከዚህ በላይ ካላወጣ ቦቫንስ ወንድ አይግቡበት። የወጥ ቤት ትርፍራፊና ሰፊ ግቢ ያለው ሰው ሒሳቡ ትንሽ ይቃናለት ይሆናል።

ሳሶ በዚህ ሁሉ ይበልጣል፤ ነቀፋው ከወጥ ላይ ይመጣል። ሥጋው ለስላሳ ስለሆነ ቁሌቱ ላይ ብዙ ሲቆይ ብልቱ ይፈርሳል፤ ዶሮ ወጥ ሠሪዎች ይህን ያውቃሉ። እስከ 16 ሳምንት ቢቆይ ይጠነክራል፣ መኖው ግን ይጨምራል። ከደቡብ አፍሪካ የመጣው ኮኮክ በመሀል ይቀመጣል፤ በአንድ ቀኑ የወንዱ አናት ላይ ያለው ነጭ ነጥብ ከሴቷ ሰፋ ይላል፣ ላባውም ፈካ ይላል። ለዓይን ልምድ ይጠይቃል፣ ስህተትም አይጠፋውም። የሐበሻው ወንድ ስድስት ወርና ከዚያ በላይ ይፈልጋል። ሆኖም አብዛኛውን ቀለቡን ራሱ ጭሮ ያገኛል፣ ዋጋውም በኪሎ ሳይሆን በእጅ ተመዝኖና በመልክ ተመርጦ ነው። ቀይና ገብስማ ሲፈለግ ጥቁሩ ይቀራል። የታቀፈች ዶሮ ያላት ሰው ወንዶቹን ብታሳድግ አትከስርም፤ የሚያስቸግረው ጭልፊትና ሸለምጥማጥ ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው በወሩ ላይ ነው። አውራ ዶሮ የሚሸጠው በበዓል ዋዜማ በሁለትና ሦስት ቀን ውስጥ ስለሆነ ከበዓሉ ወደ ኋላ መቁጠር ያስፈልጋል። በ16 ሳምንት የሚደርስ ወንድ ለእንቁጣጣሽ ግንቦት 14 አካባቢ፣ ለገና መስከረም 7 አካባቢ የተፈለፈለ ይሆናል። የሐበሻው ለእንቁጣጣሽ እንዲደርስ መጋቢት መጀመሪያ ላይ መፈልፈል አለበት። ኅዳር አጋማሽ የተፈለፈለ ግን መጋቢት መጀመሪያ ላይ ይደርሳል፤ ያ ደግሞ ዐቢይ ጾም ነው። ጾሙ 55 ቀን ነው፤ የደረሰ አውራ በቀን 110 ግራም ያህል ይበላል። ጾሙ ሲገባ የደረሰው እስከ ፋሲካ 6 ኪሎ ተጨማሪ መኖ ይፈጃል፤ ለማሳደግ የወጣውን ያህል ማለት ነው። እንዲህ ያለውን ከቅበላ በፊት ትንሽ ቢሆንም መሸጥ ወይም ለቤት ማረድ ይሻላል። ጾሙን የማይጾም ደንበኛ ያለበት ከተማ ይህ ችግር ይቀላል።

ለማሳደግ ከተወሰነ በ8 እና በ10 ሳምንት መካከል ከቄቦቹ መለየት ግድ ነው፤ ካልተለዩ እየተጋጩ ይቆሳስላሉ፣ የቄቦቹንም ጀርባ ይላጫሉ። የእንቁላል ጣይ መኖ አይስጧቸው፤ በውስጡ ያለው ብዙ ካልሲየም ኩላሊታቸውን ይጎዳል። የእድገት መኖ ይበቃቸዋል። የፈንግል ክትባት «ለወንድ ምን ያደርጋል» ተብሎ የሚታለፍ አይደለም፤ በመጀመሪያው ሳምንት በዓይን ጠብታ፣ ከዚያም ላሶታ የሚባለው የፈንግል ክትባት በውኃ ይሰጣል። አንድ ብልቃጥ ለብዙ ዶሮ ስለሚሆን ከጎረቤት ጋር መጋራት ወጪውን ይቀንሳል።

ማሳደግ የማይችል ሰው ጫጩቶቹን በአንድ ቀናቸው ቢያስወግዳቸው ነውር የለውም፤ ነውሩ አኳኋኑ ላይ ነው። ውኃ ውስጥ መድፈቅ፣ ፌስታል ውስጥ ማፈን ወይም ሜዳ ላይ መጣል ሥቃይ ያበዛል። ትክክለኛው አንገቱን ከራስ ቅሉ ሥር ይዞ በአንድ ፈጣን ስበት መለየት ነው፤ ያልለመደ ሰው የእንስሳት ጤና ባለሙያ ያሳየው። ሬሳው ውሻ እንዳያወጣው ግማሽ ሜትር ይቀበር። ለሰፈር ልጆች ማደል ከዚህ የባሰ ነው፤ ሙቀት የሌለው ጫጩት በጥቂት ቀን ይሞታል።

ለዘር አንድ አውራ ለ8 ወይም ለ10 ሴት ይበቃል፤ ለማስፈልፈል ካልታሰበ አንድም አያስፈልግም፣ ዶሮ ያለ አውራም እንቁላል ትጥላለች። ቦቫንስም ሳሶም ድቅል ስለሆኑ ጫጩቶቻቸው እንደ ወላጆቻቸው አይወጡም፤ ለዘር የሚሻሉት ኮኮክና ሐበሻ ናቸው።

ገበያ ወጥቶ ሳይሸጥ የተመለሰ አውራ በቀጥታ ወደ መንጋው አይግባ። ፈንግል ከበዓል በኋላ የሚነሣው አብዛኛውን ጊዜ በዚህ በር ነው። ሁለት ሳምንት ለብቻው ይታሰር፣ ወይም ያንኑ ማታ ይታረድ።