የሞዴል መኪና ክሊር ሲበላሽ ምን ይገዛ? ብርጭቆ ወረቀት፣ ማይክሮ ሜሽ ወይስ ኮምፓውንድ

ክሊሩ (ቀለሙ ላይ የሚነፋው ግልጽ መሸፈኛ) ደርቆ ላዩ እንደ ብርቱካን ልጣጭ ጎርበጥ ብሎ ሲገኝ አብዛኛው ሰው መጀመሪያ የሚገዛው ኮምፓውንድ (ማብሪያ ፖሊሽ) ነው፣ ያበራል ስለሚባል። እኔ እሱን መጨረሻ ላይ ግዙት ነው የምለው። ኮምፓውንድ ጉብታ አይቆርጥም፣ ጉብታውንም ጎድጓዳውንም እኩል ያበራና የሚያብለጨልጭ የብርቱካን ልጣጭ ይዛችሁ ትቀራላችሁ። ላዩን የሚያስተካክለው በውሃ የሚታሸው ወረቀት ነው፣ ኮምፓውንዱ ወረቀቱ የተወውን ጭረትና ጭጋግ ነው የሚያነሳው።

ተራው ውሃ የሚችል ብርጭቆ ወረቀት ቶሎ ይቆርጣል፣ ለኮፈንና ለጣራ ማለትም ለሜዳማ ቦታ አሪፍ ነው። ክሊር ወርዶ የደረቀ ጠብታ ወይም አቧራ ካለ ደግሞ ትንሽ ቁራጭ 1500 (ቁጥሩ ሲጨምር ወረቀቱ ይለሰልሳል) ጠፍጣፋ እንጨት ላይ ለጥፎ እሷን ቦታ ብቻ ማሸት ነው። ችግሩ ጠርዝ ላይ ነው፣ ክሊር ሲነፋ ከጠርዝ ይሸሻል ስለዚህ እዛ ላይ በጣም ስስ ነው፣ ፓራፋንጎውና የበሩ ጠርዝ ላይ ሁለት ሶስቴ ካሻችሁ ቀለሙ ጋ ደርሳችኋል። ለዚህ የስፖንጅ ወረቀት ይሻላል፣ ታሚያ የሚባለው የሞዴል ዕቃ ብራንድ እስከ 3000 አለው፣ ከቦዲው ቅርፅ ጋር ይታጠፋል። ለብርቱካን ልጣጭ በ2000 ጀምሮ በ3000 መጨረስ፣ ውሃው ላይ አንድ ጠብታ የዕቃ ሳሙና ጨምሩበት እንዳይዝ። ጠርዞቹን በቀጭን ማስኪንግ ቴፕ ሸፍናችሁ ካሻችሁ ደግሞ ብዙ ጭንቀት ይቀንሳል።

ማይክሮ ሜሽ ጨርቅ ላይ ወይም ለስላሳ ስፖንጅ ላይ ነው የሚመጣው፣ ታጥቦ ደጋግሞ ይሰራል፣ ለብዙ ሞዴል ስለሚሆን ውድ ቢመስልም ያዋጣል። ግን ቁጥሩ ያሳስታል!! የራሱ አቆጣጠር ነው ያለው፣ የማይክሮ ሜሽ 1500 በተራው ወረቀት ወደ 400 አካባቢ ነው፣ ይሄንን ሳያውቅ ክሊር ላይ ያሳረፈ ሰው አለቀለት። ለሞዴል ከ3600 ወይም ከ4000 ጀምሩ ከዛ 6000፣ 8000፣ 12000። 12000 ላይ ስትደርሱ ራሱ ማብራት ይጀምራል፣ ኮምፓውንድ ትንሽ ነው የሚፈልገው። ለትልቅ ጉብታ ግን ቀርፋፋ ነው፣ ትዕግስት የሌለው ሰው ወረቀቱን ይግዛ።

ኮምፓውንድ ላይ ምርጫው የታሚያና የኖቩስ ነው። ታሚያ ሻካራ፣ ደቃቅና ማጠናቀቂያ ብሎ ሶስት ያወጣል፣ ወፍራም ስለሆነ ጠባብ ቦታ ላይ ለመቆጣጠር ይመቻል፣ ከ3000 በኋላ ከሻካራው መጀመር ነው። ኖቩስ ፈሳሽ ነው፣ ቁጥር 3 ለከባድ ጭረት፣ 2 ለደቃቅ፣ 1 ለማጽጃ፣ መጀመሪያውኑ ለፕላስቲክ ስለተሰራ ለመስኮቱም ይሆናል። ገንዘብ ካነሰ የታሚያን ደቃቁን ብቻ ውሰዱ፣ 3000 ድረስ በደንብ ካሻችሁ እሱ ይበቃል፣ ትንሽ ክንድ ይፈልጋል እንጂ። ሁለቱም በር መስመር ውስጥ ነጭ ነገር ይተዋሉ፣ ለስላሳ የጥርስ ብሩሽና ውሃ ያወጣዋል።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን የነፋችሁት ክሊር ምንድነው? እንደ ታሚያ ቲኤስ-13 ያለ ላከር ከሆነ ጥሩ ነው፣ በደንብ ይበራል፣ ድጋሚ ሲነፋም የታችኛውን ትንሽ አሟሙቶ አንድ ይሆናል (ዲካል (የሚለጠፈው ምስል) ላይ ግን አንዴ አርጥባችሁ ከነፋችሁበት ሊበላው ይችላል፣ መጀመሪያ በስሱ በስሱ)። ሁለት ክፍል ያለው (ማጠንከሪያ የሚደባለቅበት) ዩሬቴን በጣም ይጠነክራል፣ ብዙ ጊዜ ፖሊሽም ላያስፈልገው ይችላል፣ ነገር ግን ድጋሚ የተነፋው ከታችኛው ጋር ስለማይሟሟ አንዱን ሽፋን አልፋችሁ ካሻችሁ ድንበሩ ቀለበት ሆኖ ይታያል። ማጠንከሪያው ውስጥ አይሶሳያኔት የሚባል ሳንባ የሚጎዳ ኬሚካል አለ፣ የአቧራ ማስክ ምንም አያደርግለትም፣ ትክክለኛ መከላከያና አየር ማውጫ ከሌለ ይቅር። እንደ ታሚያ ኤክስ-22 ያለው አክሪሊክ ደግሞ ለስላሳ ነው፣ ሲታሽ ከሞቀ ይጎተታል፣ እሱን ቀስ እያላችሁ።

ሳይጠነክር የታሸ ክሊር በሁሉም ይበላሻል፣ አፍንጫችሁን አስጠግታችሁ የቀለም ሽታ ካለው ገና ነው፣ ሳምንታትም ሊወስድ ይችላል።

አንዳንዱን ደግሞ ከሶስቱ አንዱም አያድነውም። በእርጥበት አየር ተነፍቶ እንደ ጭጋግ የነጣ ላከር በማሸት አይደለም የሚስተካከለው፣ ደረቅ ቀን ላይ ቀስ ብሎ በሚደርቅ ቲነር ስስ አድርጎ መንፋት ነው። ሜታሊክ ቀለም ጋ ከደረሳችሁ ብናኙ ስለሚፋቅ ጥቁር ነጠብጣብ ያወጣል፣ ያኔ ቀለሙን ራሱን ነክቶ ከዛ ክሊር። ክሊሩ እየሸሸ ክብ ክብ ቀዳዳ ከሰራ ደግሞ ከስር ቅባት ወይም ሲሊኮን አለ፣ ስለዚህ ሲሊኮን ያለበትን የመኪና ሰም ድጋሚ ክሊር እንደማትነፉ እርግጠኛ ሳትሆኑ እንዳትቀቡ።