የገመድ ውሃ ልክ፦ ለጋራ የተፋሰስ ሥራ ምን ያህል ይበቃል?

የገመድ ውሃ ልክ ለተፋሰስ ልማት ከሚያስፈልጉ የመለኪያ መሣሪያዎች ሁሉ በአሠራሩ ቀላሉ ነው ማለት ይቻላል። ቁመታቸው እኩል የሆነ ሁለት ዘንጎች፣ አብዛኛውን ጊዜ 10 ሜትር የሚረዝም ሲባጎ፣ በሲባጎው እኩሌታ ላይ የሚንጠለጠል አነስተኛ ውሃ ልክ፤ ዕቃው ይኸው ነው። ሁለት ሰዎች ዘንጎቹን ይይዛሉ፣ ሦስተኛው አረፋውን ያነባል፤ ሲባጎው በሁለቱም ዘንጎች ላይ በእኩል ምልክት ታስሮ አረፋው መሐል ሲገባ፣ ዘንጎቹ የቆሙበት መሬት ከፍታው እኩል ስለሆነ ችካል ይተከላል፤ እርከኑም በችካሎቹ መስመር ላይ ይሠራል። ለማፋሰሻ ቦይ 1 በመቶ ተዳፋት ሲፈለግ በላይኛው ዘንግ ላይ ሲባጎውን 10 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ማድረግ ይበቃል።

ከትክክለኛው መስመር የወጣ እርከን ውሃውን ወደ አንድ ዝቅተኛ ቦታ ይሰበስባል፤ እዚያም ሞልቶ ሲደረመስ የተጠራቀመው ጎርፍ በሙሉ ከታች ባለው ማሳ ላይ ይወርድና ቦረቦር ይከፍታል። ስለዚህ የልኬት ስህተት የሚጎዳው ብዙ ጊዜ የተሳሳተውን ሰው ሳይሆን ጎረቤቱን ነው። በእኔ ግምት የዚህ መሣሪያ ትልቁ ብልጫ እዚህ ላይ ነው፤ የላይኛውና የታችኛው ማሳ ባለቤቶች ዘንጉን ራሳቸው ይዘው አረፋውን በዓይናቸው ስለሚያዩ፣ መስመሩ በማሳቸው መካከል ቢያልፍም በባለሙያ ቃል ብቻ እንዲያምኑ አይገደዱም።

ጉድለቶቹ ግን ቀላል አይደሉም። ውሃ ልኩ ከሲባጎው እኩሌታ ትንሽ ፈቀቅ ካለ የሲባጎው መርገብ ንባቡን ያዛባዋል፤ ናይለን ይለጠጣል፤ ነፋስ ካለ ደግሞ ሥራውን ማቆም ይሻላል። ስህተቱ ከችካል ወደ ችካል እየተደመረ ስለሚሄድ፣ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ውሃ ልኩን ሲባጎው ላይ ገልብጦ ማንጠልጠልና አረፋው ወደዚያው ቦታ መመለሱን ማየት የግድ ነው።

ግማሽ በመቶ ብቻ የሚያዘነብል ቦይ ለመቀየስ ውሃ የተሞላ ግልጽ ቱቦ ይመረጣል፤ ሲባጎ በ10 ሜትር ላይ 5 ሳንቲ ሜትርን በአስተማማኝ ሁኔታ መለየት ይከብደዋል። በ“A” ፊደል ቅርጽ ከእንጨት የሚሠራው የኤ ፍሬም መለኪያም ለአንድ ሰው ይመቻል፣ በረጅም ተዳፋት ላይ ግን ያዘግማል።

የተፋሰሱን ወሰን መለየት ከዚህ መሣሪያ አይጠበቅም። በየካቲት 2000 እ.ኤ.አ. ከኢንዴቨር የጠፈር መንኮራኩር የተሰበሰበውና በነፃ የሚገኘው የከፍታ መረጃ ለዚያ ይጠቅማል፤ ነገር ግን ነጥቦቹ 30 ሜትር ያህል ስለሚራራቁ እርከን የሚያርፍበትን መስመር ሊያሳይ አይችልም። የሚገዛ ሁሉ መጠባበቂያ ውሃ ልክና የማይለጠጥ ሲባጎ አብሮ ቢይዝ መልካም ነው፤ ዘንጎቹን ግን ቀጥ ካለ እንጨት ማዘጋጀት ስለሚቻል ለእነሱ ገንዘብ ማውጣት አያስፈልግም።